ካባው ዳር የከረመው ወንድሜ

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሾላ ገበያ ከእናቴ ጋር ቅመማ ቅመም እሸጥ ነበር፤ እሷ ትመዝናለች፣ እኔ እጠቀልላለሁ። እጄ ከበርበሬ ስለማይጸዳ ዓይኔን በጣቴ ነክቼ አላውቅም። እንባ ቢመጣ እንኳ የምጠርገው በክንዴ ነው። እዚያ ገበያ ያለን ሴቶች ሁላችንም እንዲሁ ነን። ከሩቅ ላየን፣ ላባችንን ስንጠርግና ስናለቅስ አይለይም።

ትምህርቴን ያቆምኩት ከስምንተኛ ክፍል ነው። አባታችን ሲሞት ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነበርና እሱ ይጨርስ፣ እኔ እናቴን ላግዝ ተባለ። «ተባለ» ስላችሁ ማንም ቁጭ ብሎ የወሰነው ነገር የለም። አንድ ሰኞ ጠዋት ደብተሬን አልጋ ላይ ትቼ ከእናቴ ጋር ወጣሁ፤ በዚያው ቀረሁ።

ወንድሜ በሰባት ዓመት ይበልጠኛል። ወንድም ጋሼ ነው የምለው። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ አልረሳኝም። እሁድ እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ከሃያ ሁለት ጀርባ ባለችው ቤታችን ደጃፍ ሁለት በርጩማ ያወጣና «ነይ፣ ክፍልሽ ተከፍቷል» ይለኛል። የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ገልጦ አንዱን ገጽ ለራሱ ያነባል፤ ከዚያ ቀና ብሎ በአማርኛ ያወራልኛል። እኔ የማውቀው ሁሉ ከዚያች በርጩማ የተነሳ ነው። በኋላ መዝገበ ቃላት ገዝቼ፣ ደንበኛ ሲጠፋ ከኮረሪማው ጆንያ አጠገብ እያገላበጥኩ ራሴ ማንበብ ጀመርኩ። እስከ ዛሬ አንዳንዱ መጽሐፌ ሲገለጥ ያስነጥሳል።

አብዝቶ የሚያነብልኝ ከብዙ ዘመን በፊት አሜሪካ ውስጥ፣ አንዲት ትንሽ ከተማ የኖሩ የሁለት ጓደኛሞችን ጽሑፍ ነበር። ሁለቱም የሚጽፉት ስለ ተፈጥሮና ስለ ሰው ውስጣዊ ማንነት ነው። ትልቁ ሰባኪ ነበር፤ ልቤ ያላመነበትን ሥርዓት አልፈጽምም ብሎ ከመድረኩ ወረደ። ታናሹ ደግሞ በዚያ በትልቁ ጓደኛው መሬት ላይ፣ ሐይቅ ዳር፣ በገዛ እጁ ጎጆ ሠርቶ ብቻውን የተቀመጠ ሰው ነው።

«ብቻውን?» አልኩት የዚያን ቀን።

«ብቻውን።»

«ሚስት የለውም?»

«የለውም።»

ሰኞ ገበያ ስንገባ ወሬውን ይዤ ገባሁ። ከእኛ አጠገብ ቅቤ የምትሸጥ የእናቴ ጓደኛ አለች፤ ምላሷ ሰው አይምርም። አዳመጠችኝ፣ አዳመጠችኝና ቅቤውን በቅጠል እየጠቀለለች «ታዲያ ማን ያበስልለታል?» አለች።

«ራሱ ነዋ!»

«ወንድ? ራሱ?» እናቴን በክርኗ ነካ አደረገቻት። «ስሚኝማ፣ ይሄ ሰውዬ እዚያው አቅራቢያ እናት አለችው። ይኸው ብያለሁ።»

በሳምንቱ ለወንድሜ ነገርኩት። ሳቀ። «አንቺና ያቺ ቅቤ ሻጭ! ሰውየው ስለ ነፍስ ይጽፋል፣ እናንተ ስለ ወጥ ትጠይቃላችሁ» አለኝ። እኔም ሳቅሁ። ጥያቄዋ ግን ሳይመለስ ቀረ። ያዙልኝ ይቺን ጥያቄ።

እሁዶቹ ሲደራረቡ የሁለቱ ሰዎች ልዩነት እየገባኝ መጣ። ለትልቁ፣ ሜዳውም ዛፉም ዝናቡም የሚናገሩት ስለ ሌላ ነገር ነው። ዛፍ ያይና ወዲያው ወደ ላይ ያልፋል። ሰው ባዶ ሜዳ ላይም ቢሆን ዝም ብሎ ሲቆም «እኔ» የሚለው ነገር እንደ ጨው ይሟሟል፣ ሁሉን ከሞላው መንፈስ ጋር አንድ ይሆናል ባይ ነው። ስለዚህ የውስጡን ድምፅ ያመነ ሰው የማንም ደጋፊነት አያሻውም። ታናሹ ግን እዚያው ዛፉ ሥር ይቀራል። ቅጠሉ መቼ አቆጠቆጠ፣ በረዶው መቼ ቀለጠ፣ ሐይቁ ምን ያህል ይጠልቃል እያለ በገመድ ይለካል። ባቄላ ይዘራል፣ ያርማል። ራሱን የሚፈልገው ጥፍሩ ውስጥ በገባው አፈር ነው።

«አንቺ የትኛው ይሻልሻል?» አለኝ አንድ እሁድ።

«ትልቁ።»

«ለምን?»

«ሾላ ጫካ የለማ! ትልቁ ባለሽበት ቆመሽ ታገኚዋለሽ ነው የሚለው። ታናሹ ግን የታክሲ ያስወጣል።»

ከበርጩማው ሊወድቅ ደረሰ በሳቅ። እሱ ግን የታናሹ ወገን ነበር። ስለ ታናሹ ሲያወራ እጁ ይንቀሳቀሳል፤ ስለ ትልቁ ሲያወራ እጁን ጉልበቱ ላይ ያሳርፋል።

በመካከላቸው አንዲት ሴትም ነበረች። ስለ እሷ አንዴ ብቻ ነው የነገረኝ። ሴቶችን ቤት ሰብስባ ታወያይ ነበር አለኝ። ሴትም እንደ ወንድ በገዛ ነፍሷ መቆም አለባት የምትል ናት። ግን እንደ ሁለቱ ወንዶች ወደ ሜዳና ወደ ጫካ አትሮጥም፤ ከሰው ጋር እየተነጋገረች ነው ራሷን የምታገኘው። «ይቺስ የገበያ ሴት ናት» አልኩ፣ ወደድኳት። መጨረሻዋን ሲነግረኝ ድምፁ ዝቅ አለ። ከባሕር ማዶ ከባሏና ከሕፃን ልጇ ጋር ስትመለስ፣ መርከቧ አገሯ ዳርቻ ከደረሰች በኋላ አሸዋ ላይ ተሰበረች። ባሕሩ ዳር ሰው ነበር። መርከቧን ያያሉ። የደረሰላት የለም።

«ሰው እያለ?» አልኩት።

«ሰው እያለ» አለኝ፤ መጽሐፉን ዘጋው።

ወንድሜ የሚሠራው ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ፣ ከላይ እስከ ታች መስታወት የሆነ ሕንፃ ውስጥ ነበር። ምን እንደሚሠራ ሲጠይቁኝ «ኮምፒውተር ላይ» እላለሁ፤ እሱም ከዚያ የበለጠ አስረድቶኝ አያውቅም። አንድ ማታ እራት ላይ «የእኛ ቢሮ መስኮት እንደማይከፈት ታውቂያለሽ?» አለኝ። «ሲዘንብ አየዋለሁ እንጂ አልሰማውም። አይሸተኝም። ቴሌቪዥን የማይ ነው የሚመስለኝ።»

«እኛ ደግሞ ሲዘንብ ሸራው በላያችን ይፈሳል፤ ና ቦታ እንለዋወጥ» ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀም። ያኔ ነው መጀመሪያ የፈራሁት።

ግንቦት ላይ ሥራውን ለቀቀ። እናቴ ሽንኩርት እየላጠች ነበር፤ ቢላዋውን ሳታስቀምጥ ጠየቀችው።

«ተባረርክ?»

«አልተባረርኩም እማዬ። ለቀቅኩ።»

«ተጣላህ?»

«ከማን ጋር እጣላለሁ?»

«ታመምክ?»

«ደህና ነኝ።»

«ታዲያ ደህና ሰው ሥራ ይለቃል?»

ትንሽ ጊዜ ከከተማ ወጣ ብዬ፣ ጸጥ ባለ ቦታ ተቀምጬ ራሴን ማወቅ እፈልጋለሁ አላት። እናቴ ቀና ብላ አየችው። «ራስህን? ራስህን የወለድኩት እኔ አይደለሁ? እኔን ጠይቀኝ፣ ቁጭ በል ልንገርህ።» ሦስታችንም ሳቅን። እሷ ግን ስትስቅ ዓይኗ አልሳቀም፤ ከሽንኩርቱ ይሁን ከሌላ አልለየሁትም።

የተከራየው ከአያት ሰፈር አልፎ፣ ከተማው ተገፍቶ ተገፍቶ የሚያልቅበት ጫፍ ላይ ነው። ባለቤቶቹ ገበሬዎች ናቸው። ከቤታቸው ራቅ ብላ፣ ባሕር ዛፍ ሥር የቆመች አንዲት የጭቃ ክፍል ነበረቻቸው። ከፊቷ የድንጋይ ካባ አለ፤ ለከተማው ሕንፃ ድንጋይ ሲፈለጥበት ኖሮ ያለቀበት ትልቅ ጉድጓድ ነው፤ ክረምት ሲገባ ውሃ ይሞላል። ወንድሜ እሱን ነው «ሐይቄ» የሚለው።

ሰኔ ላይ ፍራሹን ሚኒባስ አናት ላይ አስረን፣ እናቴና እኔ ልናደርሰው ሄድን። እናቴ ጉድጓዱን ጎንበስ ብላ አየችው። «ይሄ ነው ሐይቁ?» አለች። «ይሄማ እንኳን ሰው ሊያድስ ልብስም አያጥብ።»

አከራይዋ ሴትዮ «አካም ጅርቱ፣ ኑ፣ ግቡ» እያለች እየሮጠች መጣች። ጥሩ ሴት ናት፤ ዛሬም ጥሩ ሴት ናት። እኔና ወንድሜ ፍራሹን ስናስገባ እናቴ ወደ ጎን ወስዳ አንሾካሾከችላት። የመጨረሻውን ብቻ ሰማሁ። «ሱባኤ ሊይዝ ነው የመጣው። አደራሽን እህቴ፣ ሰው እንዳያውከው።»

ሴትዮዋ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ውይ እትዬ! እኛ ደጅ? በረከት ነው እኮ!»

በእናቴ አልፈርድም። የተማረ ልጇ፣ ሳይታመም ሳይባረር፣ ደህናውን ሥራ ትቶ የጭቃ ቤት ገባ ብላ ለማን ታወራለች? ሱባኤ ገባ ሲባል ግን ሰው ሁሉ ይገባዋል፤ ለጸሎት የተዘጋን ሰው ማንም ለምን አይለውም። ገበያ ውስጥም ወሬው በዚሁ መልክ ገባ። ሴቶቹ እናቴን ትከሻዋን እየሳሙ ያልፋሉ። ቅቤ ሻጯ እንኳ «ለእኛም ይጸልዩልን በያቸው፤ ቅቤ የሚገዛ ሰው እንዲያመጣልን» አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድሜን በአክብሮት እያነሳች። እናቴ መጀመሪያ ታፍር ነበር። ቆይታ ግን ጠዋት ስትጸልይ «ከልጄ ጸሎት አሳትፈኝ» ስትል ሰማኋት። እሷም አምናለች ማለት ነው።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ብቻዬን ልጠይቀው ሄድኩ። ከሃያ ሁለት በባቡር አያት፣ ከአያት በባጃጅ፣ ባጃጁን ጭቃው አላሳልፍ ሲለው በእግሬ። ጉድጓዱ ሞልቶ ነበር። እውነቴን ነው፣ ያምር ነበር። ባሕር ዛፉ ውሃው ውስጥ ተገልብጦ ይታያል፤ ወደ ቦሌ የሚወርድ አውሮፕላን ሲያልፍም ውሃው ውስጥ ያልፋል። ወንድሜ ዳር ላይ ተንበርክኮ፣ ረጅም የላስቲክ ገመድ ጫፍ ላይ ድንጋይ አስሮ ወደ ውሃው ይሰዳል። ጢሙ አድጓል፣ ከስቷል፣ ፊቱ ግን በርቷል። ልጅ እያለን ነበር እንደዚያ ያየሁት።

«ምን ያህል ይጠልቃል?» አልኩት።

«ገመዱ አልበቃም።»

«ታዲያ ሌላ ገመድ ላምጣልህ?»

«አታምጪ። አለመብቃቱ ደስ ብሎኛል።» ይህን እያለ አሳለው።

ቁጭ ብለን እንደ ድሮው አወራን። ትልቁና ታናሹ የሚለያዩበትን ቦታ አሁን አገኘሁት አለኝ። ትልቁ ተፈጥሮን እንደ መስኮት ነው የሚያየው፤ አሳልፎ ሌላ ነገር ለማየት። ታናሹ ግን መስኮቱን ከፍቶ ወጣ። «እኔ ደግሞ» አለኝ፣ «መስኮቱ የማይከፈት ቤት ውስጥ ስለ ነበርኩ መጀመሪያ የሰማሁት የታናሹን ነው።»

እያወራን ሳለ አከራይዋ ሴትዮ በሩቅ መጣች። ሳህን ይዛለች። ጫማውን እንዳወለቀ ሰው በጣቷ እየረገጠች በሩ ላይ አስቀመጠችው፤ ወደ እኛ ሳታይ ወደ በሩ እጅ ነሥታ ተመለሰች። የተዘፈዘፈ ሽምብራ ነበር፤ ለሱባኤ ሰው የሚሰጠው።

«ሱባኤ ላይ ነህ ብለው እኮ ነው» አልኩት። «እማዬ ነግራቸው።»

«ሰምቻለሁ። መጀመሪያ ላስረዳቸው ብዬ ነበር፤ ከዚያ ተውኩት።» ሽምብራውን አንስቶ አቀረበልኝ። «እኛ አገር ብቻውን የሚቀመጥ ሰው ወይ መናኝ ነው ወይ እብድ ነው። ከሁለቱ መናኙ ይሻለኛል፤ ቢያንስ ይቀለባል።»

«ሳልህስ?»

«የእንጨቱ ጭስ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ይተወኛል።»

«ና ወደ ቤት። ክረምቱ ሲወጣ ትመለሳለህ።»

«ፍልሰታን ተዉኝ» አለኝ። «ሁላችሁም ጾምና ቅዳሴ ላይ ናችሁ። ሲፈታ እመጣለሁ፤ እማዬ ዶሮ ትሥራልኝ።» መብራት ስለሌለ ስልኩም ተዘግቶ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ሲሸኘኝ እስከ ባጃጁ ድረስ መጣ። ጭቃውን እኔ ስረግጠው እሱ ይስቃል።

ፍልሰታ ገባ። ያ ክረምት ዝናቡ አላባራ ብሎ ነበር፤ ሸራው ላይ የሚያቋጥረውን ውሃ በመጥረጊያ እንጨት ስንገፋ እንውላለን። እናቴ ከገበያ በፊት ኪዳን፣ ከሰዓት ቅዳሴ። ስለ እሱ ስናነሳ «እሱስ ከእኛ ይልቅ ወደ እግዜር ቀርቧል» ትላለች።

ጾሙ የተፈታ ዕለት ዶሮው ደርሶ፣ ሳህኑ ተደርድሮ ጠበቅነው። ረፋድ ሆነ። «ቅዳሴ አስቀድሶ ይሆናል» አለች። ቀትር ሆነ። «ተኝቶ ይሆናል፤ ሌሊቱን ቆሞ ሲጸልይ አድሮ» አለች። ከዚያ ተነስታ ዶሮውን በሳህን አደረገች፣ በጨርቅ ቋጠረችው፤ ወጣን።

ባቡር ውስጥ ቋጠሮውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሽታው ባቡሩን ሞላው። አንድ ወጣት ብረቱን ይዞ የቆመ «እማማ፣ እኛም እኮ ጾመናል!» አላት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እናቴም ሳቀች። «የልጄ ነው። እሱ ከተረፈው ይደርስሃል» አለችው። «እሺ፣ አያት ድረስ እከተልዎታለሁ» አላት። ያቺ የመጨረሻ ሳቃችን ናት፤ ስለዚህ አልረሳትም።

አከራይዋ ሴትዮ አጥሩ ላይ ተቀበለችን። ፊቷ ያበራ ነበር። የእናቴን ጉልበት ልትስም ጎንበስ አለች።

«እትዬ፣ እንዴት ያለ ልጅ ነው የወለዱት! እኛስ ጾምን እንላለን? ይሄ ሰሞን ያስቀመጥኩለትን አንዲት ፍሬ አልቀመሰም። አንዲት ፍሬ! ድምፁም አይሰማ። ልጆቹን እንኳ በዚያ በኩል እንዳታልፉ፣ ጸሎት ላይ ናቸው ብያቸው…»

እናቴ እስክትጨርስ አልጠበቀችም። ነጠላዋ ወደቀ፣ አላነሳችውም። ጭቃው ውስጥ እንደ ወጣት ሮጠች። እኔ ቋጠሮውን ይዤ ከኋላ።

በሩ ላይ ሳህኖች ተደርድረው ነበር። ዝናቡ ሞልቷቸዋል። የፊተኛው ሳህን ሽምብራ በቅሎ፣ ነጭ ነጭ ጭራ አውጥቷል።

እናቴ አንኳኳች። በስሙ ጠራችው። ከዚያ በሩን በትከሻዋ ገፋችው።

ፍራሹ ላይ ነበር። ሕያው ነበር። ግንባሩ እንደ ምጣድ ይፋጃል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ትንፋሹ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። «እማዬ» አለ፤ ወይም አለ መሰለን። አከራይዋ ደፍ ላይ ቆማ ጉንጯን እየቧጠጠች «ዝም ሲል ጸሎት መስሎን! እትዬ፣ ጸሎት መስሎን!» ትላለች። ባሏ ተሸክሞት እስከ ባጃጁ አደረሰልን።

ሐኪም ቤት የሳንባ ምች ነው አሉን። ዘግይቷል አሉን። ጥቂት ቀን ከእኛ ጋር ቆየ። አንድ ከሰዓት እናቴ ውሃ ልታመጣ ስትወጣ፣ ጆሮዬን አፉ ላይ አድርጌ ያለኝን ሰማሁት።

«እግራቸውን እሰማ ነበር» አለኝ። «ቀስ ብለው ነው የሚመጡት፤ እንዳይረብሹኝ። ሳህኑን ያስቀምጣሉ። ስጣራ ድምፄ አይወጣም። ስስል ደግሞ አወክነው ብለው ነው መሰለኝ… ፈጥነው ይሄዳሉ።» አረፈ። ከዚያ «ያቺ ሴትዮ… መርከቧ ላይ የነበረችው…» አለ።

«አውቃለሁ ወንድም ጋሼ» አልኩት። እንዲጨርሰው አልፈለግኩም።

አዲሱ ዓመት ሳይገባ ሞተ።

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሞልቶ፣ እናቴ መሃል ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። አንዲት የሰፈራችን ሴት፣ ልታጽናና ብላ፣ «የታደለ ነው! በሱባኤው ላይ ነው የተጠራው። ቅዱስ ልጅ ነው የወለድሽው» አለቻት። እናቴ ተነስታ ቆመች። እስከዚያ ቀን ድረስ ድምፅ አውጥታ አላለቀሰችም ነበር።

«ቅዱስ አይደለም!» አለች። «ልጄ ታሞ ነበር። ታሞ ነበር እያልኳችሁ! ሱባኤ ያልኩት እኔ ነኝ። ሱባኤ አልነበረም፤ ሳል ነበር!»

 ቅቤ ሻጯ ነች ተነስታ ክንዷን ይዛ ያስቀመጠቻት። ያ ሁሉ ምላሷ ጠፍቶባት «ተይ እህቴ፣ ተይ» ብቻ ትላታለች።

ከዚያ በኋላ መጽሐፎቹን ራሴ አነበብኳቸው። ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ሰው የምጠይቀው አልነበረኝም። የቅቤ ሻጯንም መልስ አገኘሁት። እውነቷን ነበር፤ ታናሹ እዚያው አቅራቢያ እናት ነበረችው። ጎጆው ከወላጆቹ ቤት በእግር የሚደረስ ነው፤ ቶሎ ቶሎ እየሄደ ቤተሰቡ ዘንድ ይበላል፣ ከተማ ወጥቶ ወሬ ይሰማል፣ እንግዳም ይመጣበታል። በሩ ይንኳኳ ነበር። ትልቁም ቢሆን ራስህን እመን ብሎ የሚጽፈው ሚስትና ልጅ በሞላበት፣ እንግዳ በማይጠፋበት ቤት ሆኖ ነው፤ የሚናገረውም አዳራሽ ለሞላ ሰው ነው። ሁለቱም እንደ ወንድሜ ብቻቸውን ሆነው አያውቁም። ወንድሜ ያንን ሳያነበው ቀርቶ አይመስለኝም። ስለ ወጥ ነው ብሎ አልፎት ነው።

ድሮ የትልቁ ወገን ነበርኩ። ወንድሜ ሲሞት በታናሹ ተናደድኩ፤ መጽሐፉን እቃ መጠቅለያ ላደርገው ምንም አልቀረኝም። አሁን አልናደድም። የእነሱ አገር ሰው ብቻውን ሲቀመጥ ጎረቤቱ ምን ሆነ ብሎ ጠየቀ፤ ታናሹም ሲጠየቅ ነው የጻፈው። የእኛ አገር ሰው ብቸኝነትን ያከብራል፣ ያከበረውንም ይፈራል፣ የፈራውን በር ደግሞ አያንኳኳም። ይህንን ለወንድሜ እሁድ በርጩማ ላይ ብነግረው እጁን እያወራጨ ይከራከረኝ ነበር። ከሦስቱ አሁን የምቀርበው ለመርከቧ ሴትዮ ነው። ሰው ራሱን የሚያገኘው ሌላ ሰው ሲመልስለት ነው የምትለኝ ይመስለኛል፤ እኔ ልጨምርበትም እችላለሁ።

ወደዚያ ሰፈር አንዴ ተመልሼ ሄጃለሁ። ካባው በአፈር ተደፍኗል፤ ሕንፃ ሊወጣበት ብረቱ ቆሟል። ምን ያህል ይጠልቅ እንደነበር ሳይታወቅ ቀረ።

እናቴ ግን፣ ከዚያ ክረምት ወዲህ ፍልሰታ ሲገባ ሱቁን ለእኔ ትታ፣ ወደ አያት አቅጣጫ ኮረብታው ላይ ወዳለ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። ግቢው ዳር ሱባኤ የሚይዙ ሰዎች የሚቀመጡባቸው ትናንሽ የቆርቆሮ ክፍሎች አሉ። በየበሩ እየቆመች ታንኳኳለች። «ልጄ፣ ድምፅህን አሰማኝ» ትላለች፤ ሴትም ትሁን ወንድ ሳታውቅ። መጀመሪያ ሰዎቹ ተቆጧት። አንድ ጊዜ አብሬያት ሄጄ ሳለ የግቢው አባት መጥተው «እማማ፣ ሰዎቹ እኮ ጸሎት ላይ ናቸው፤ እንዴት ያውኳቸዋል?» አሏት።

«ይጸልዩ አባቴ፣ ይጸልዩ» አለቻቸው። «ድምፃቸውን ልስማና እሄዳለሁ።»

መስቀላቸውን አሳልመዋት ተመለሱ። እናቴ እንደገና አንኳኳች፤ ከውስጥ አንድ ሰው «ደህና ነኝ እማማ» እስኪላት ቆመች። ከዚያ ወደሚቀጥለው በር ሄደች።